ትራንስ ተመልሷል እንዴ?

እሷ፦ የ2023 ነጠላ ዜማዎች ላይ ነን። ከካልቪን ሃሪስና ከኤሊ ጎልዲንግ «ሚራክል» እንጀምር?

እሱ፦ ምኑ አዲስ ነው እሱ! የ90ዎቹ የዳንስ ሙዚቃ፣ ትራንስ ራሱ ነው፣ አቧራው ተራግፎለት።

እሷ፦ ይራገፍለታ! እንግሊዞች እኮ አንደኛ ላይ ሰቅለውታል። እኔ ከበሮው ጥፍት ብሎ የኤሊ ድምፅ ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ ነው የምወደው።

እሱ፦ ለእኔ የፔጊ ጉ «ናናና» ትበልጣለች። ኮሪያዊቷ የበርሊን ዲጄ የኤቲቢን የ1998 «ናይን ፒ ኤም» ታስታውሰኛለች።

እሷ፦ አሁን አቧራው ጣፈጠህ? ደግሞ ናናና፣ ናናና… ይሄ ግጥም ነው?

እሱ፦ እየጨፈረ ግጥም የሚፈታ ማን አለ? ቤዙን ስሚው እንጂ! አይጮህም፤ ከሥር ከሥር ይንከባለላል።

እሷ፦ በፈረንጆቹ ዓመት መባቻ የወጣው «ራምብል»ስ? የስክሪሌክስ፣ የፍሬድ አጌንና የፍሎውዳን።

እሱ፦ እሱን በስልክ የሰማ፣ ሰማሁ አይበል! ግማሹ ዘፈን ቤዙ ውስጥ ነው። የፍሎውዳን ጎርናና ድምፅ ደግሞ ሳይቸኩል፣ እያስፈራራ ነው የሚገባው።

እሷ፦ እኔ በትልቁ ስፒከር ነው የሰማሁት። ጎረቤቴም አብሮኝ ሰምቷል፤ ግድግዳውን ሲደበድብ ነበር።

እሱ፦ በምቱ ነው የደበደበው?

እሷ፦ ከምቱ ውጪ!

እሱ፦ እንግዲህ ጎረቤትሽ ይቅር ይበለን፣ አሁን እሱኑ ነው የምናሰማው።