ሜዳ ያጣ ወጣት ወዴት ይሂድ?

የዛሬው ርእሳችን ሜዳና ወጣት ነው። «ደግሞ ስለ ኳስ ሊያወሩልን ነው?» የሚሉ አባት አይጠፉምና ጥቂት ይታገሱን።

እንደሚታወቀው የባሕር ዳር ስታዲየም ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድናችን ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈው እዚያ ነበር። በ2014 ዓ.ም ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከጋና ጋር የነበረን «የሜዳችን» ጨዋታ ደቡብ አፍሪካ ላይ ተካሄደ። በሰኔ ግብጽን 2 ለ 0 ስንረታም ድሉ የተገኘው ማላዊ ላይ ነው። የወረታ ወጣት በመኪና ሄዶ በዓይኑ ሊያየው ይችል የነበረው ነገር የቴሌቪዥን ወሬ ሆነበት።

የፎገራ ልጅ ግን ከዚህም የቀረበ ሜዳ እያጣ ነው። ረባዳው መሬት በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ሩዝ ይሸፍነዋል። ሩዙ ሲነሳ ጓያ፣ በመስኖ ደግሞ ሽንኩርት ይተካል። ሩዝ የአላህ ጸጋ ነው፤ የብዙ ሰው ቤት አቁሟል። ነገር ግን እርሻው በሰፋ ቁጥር የወል ግጦሹ ጠበበ። ከብቱ ሲጠበው ልጁም ጠበበው፤ እረኛው ኳሱን የሚጠልዘው እዚያው ነበርና።

ውድ አባቶችና እናቶች! የወጣት ጉልበት ባዶ አይቀመጥም። ሜዳ ሲያጣ ጫት ቤት ወይም ፑል ቤት ይገባል። ዛሬ ደግሞ የስፖርት ውርርድ መጥቷል። ትናንት ራሱ ይጫወት የነበረ ልጅ፣ ዛሬ በእንግሊዝ ቡድኖች ጨዋታ ላይ የአባቱን የሽንኩርት ገንዘብ ያስይዛል። ቁማር ሐራም መሆኑን ልንነግረው ይገባል። ሐላል ለሆነው ጨዋታ ቦታ ነስተን ሐራሙን ብቻ ብናወግዝ ግን ምክራችን ግማሽ ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጊዳቸው ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ፈቅደዋል፤ ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ሲሉም እንዲተዋቸው ነግረዋቸዋል። ፈረሶችን ሲያወዳድሩም ለሠለጠኑት ረጅም፣ ላልሠለጠኑት አጭር ርቀት ወስነዋል። ለጨዋታ ቦታ መለየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሜዳ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ይተዋወቃል፤ ኳስ ሲያቀብል «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በ1998 ክረምት ፎገራ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ውኃው ሃይማኖት አልለየም። እንዲህ ባለ ቀን ፈጥነው የሚደራረሱት ቀድሞ የሚተዋወቁ ወጣቶች ናቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ስለ መሬት ስብሰባ ሲጠራ ሽማግሌዎቻችን የልጆችን ሜዳ ያንሱ፤ ቦታው ተለይቶ በካርታ ይስፈር። ሰፊ ይዞታ ያለው ጥቂቱን ለልጆች ቢተው ምንዳው ከአላህ ነው። እናንተም ወጣቶች፣ አዛን ሲሰማ ኳሱን አስቀምጣችሁ ወደ ሶላት ተነሱ፤ ሜዳ ከመስጊድ እንደማይሻማ ለአባቶቻችሁ በተግባር አሳዩ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።