የጨረቃዋ መኪና ዋጋ



በዓለም ላይ እጅግ ውድ የሆነው ተሽከርካሪ የትኛው ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ እንደ ጠያቂው ዓላማ ይለያያል። ጠያቂው ነጋዴ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራው መርሴዲስ 300 ኤስ.ኤል.አር. ኩፔ በ2022 በጨረታ 135 ሚሊዮን ዩሮ ማውጣቱ ይነገረዋል። ይህን ያህል ገንዘብ ያስከፈለው የመኪናው ስምና በዓለም ላይ ካሉት ሁለት ብቻ አንዱ መሆኑ ነው፤ ለመሥራት የፈጀው ወጪ ከዚህ ጋር አይገናኝም። መሐንዲስ ግን የሚጠይቀው፣ ተሽከርካሪውን ሠርቶ ለማቆም ስንት ወጣ፣ ስለ ምንስ ወጣ ብሎ ነው። በዚህ መለኪያ፣ ሰው ከነዳቸው ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪዎች መካከል ከፊት ረድፍ የምትሰለፈው የአፖሎ የጠፈር ተጓዦች በጨረቃ ላይ የነዷት መኪና ናት።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ሥራውን ለቦይንግ ኩባንያ የሰጠው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1969 ሲሆን፣ የጄኔራል ሞተርስ አንድ ክፍል ዋና ንዑስ ተቋራጭ ነበረ። በውሉ ላይ የሰፈረው ሒሳብ 19 ሚሊዮን ዶላር ነበረ፤ ሥራው ሲጠናቀቅ ወጪው 38 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በዚህ ገንዘብ ለጉዞ የተሠሩት መኪኖች አራት ናቸው። ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1972 ከአፖሎ 15፣ 16 እና 17 ጋር ወደ ጨረቃ ሄዱ፤ አራተኛዋ፣ የቀሩት ጉዞዎች ስለ ተሠረዙ፣ የመለዋወጫ ምንጭ ሆነች። ሒሳቡ ለአራቱ ቢካፈል ለእያንዳንዷ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል።

ወጪው ከውሉ እጥፍ መሆኑን የሰማ ሰው ብክነት ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ወጪ ናሳ አስቀድሞ ከገመተው ጋር የተቀራረበ ነበረ። ስለዚህ ከመጠን በላይ ተወደደ ከማለት ይልቅ፣ ውሉ ከመጠን በታች ረክሶ ነበር ማለት ለእውነቱ ይቀርባል። በወረቀት ላይ የተቀነሰው ወጪ ቀኑን ጠብቆ ተመልሶ መጣ።

ገንዘቡ ምን ገዛ? የመኪናዋ ክብደት በምድር ላይ 210 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ የምትሸከመው ግን 490 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከራሷ ክብደት ከእጥፍ በላይ ነው። ተጣጥፋ በማረፊያዋ መንኮራኩር ጎን እንድትገባ ሆና ተሠርታለች። ጎማዋ ላስቲክ ሳይሆን ዚንክ ከተቀባ የብረት ሽቦ የተሸመነ፣ የቲታኒየም ጥርስ የተገጠመለት ነው። ለጨረቃ ስበት የተሠራች በመሆንዋ በምድር ላይ የሁለት ሰዎችን ክብደት መሸከም አትችልም ነበር፤ ስለዚህ ለልምምድ ሌላ ጠንካራ መኪና መሥራት አስፈለገ። በዚህም ላይ የሙከራ ሞዴሎች ተጨመሩ። ይህ ሁሉ የተከናወነው በ17 ወራት ውስጥ ነው።

ከፍተኛው ጥንቃቄ የተደረገው ግን ብልሽት እንደሚመጣ አስቀድሞ በማሰብ ነው። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር አለው፤ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ቢደክም ሌላው ይተካል፤ የፊትና የኋላ ጎማዎችም በየራሳቸው መሪ ይዞራሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህ ጥንቃቄ በመጀመሪያው ቀን ዋጋውን አስመሰከረ፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1971 የአፖሎ 15 መኪና የፊት መሪ አልታዘዝ ሲል ጉዞው በኋላው መሪ ቀጠለ። ያም ሆኖ ንድፍ አውጪዎቹና አዛዦቹ በመኪናዋ ፈጽመው አልተማመኑም። ተጓዦቹ ከማረፊያዋ የሚርቁት፣ መኪናዋ ድንገት ብትቆም በቀራቸው ኦክስጅን በእግራቸው ሊመለሱ እስከሚችሉበት ድረስ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። አፖሎ 17 በጠቅላላው 36 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ፣ ከማረፊያው የራቀው ቢበዛ 7.6 ኪሎ ሜትር ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1972 በዚሁ በአፖሎ 17 ጉዞ፣ በዩጂን ሰርናን መዶሻ የኋላው ፓራፋንጎ ተሰበረና ጎማው የሚወረውረው ብናኝ በተጓዦቹ ላይ ይዘንብ ጀመር። አራት የካርታ ወረቀቶች በፕላስተር ተያይዘው በመቆንጠጫ ታሠሩና በዚያ ምትክ ሥራው ተፈጸመ። ይህን በማየት፣ በወረቀትና በፕላስተር የሚጠገን ነገር ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ፈጀ ማለት ስሕተት ነው። ወረቀቱ የበቃው ሞተሩ፣ ባትሪው፣ መሪውና ጎማው አስቀድመው በብዙ ድካም ስለ ተፈተሹ ነው።

የወጪ ግምት ለሚያዘጋጁና ጨረታ ለሚመረምሩ የማኅበሩ አባላት ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ብረቱና ሽቦው ከወጪው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው የፍተሻ፣ የልምምድና የመጠባበቂያ ዋጋ ነው። እጅግ ዝቅ ያለ ሒሳብ በቀረበ ጊዜ፣ ከመደሰት በፊት ከእነዚህ የትኛው እንደ ተዘለለ መጠየቅ ይገባል። ያልተጠየቀው በሥራው መካከል፣ ምናልባትም በሰው ሕይወት ላይ፣ ሒሳቡን ያስከፍላልና።