የግጦሽ ሣሮችን ከመስክ ናሙና ለይቶ ስለ ማወቅ
(በይፋት ቆላ ለሚሠሩ የእርሻና የእርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



ማጀቴ ከመንዝ ደጋ ግርጌ፣ ምድሩ ወደ አዋሽ ተፋሰስ በሚያዘቀዝቅበት በኩል የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ የይፋት ምድር አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያም በግጦሽም ይገናኛሉ። ገበሬው ማሽላና ጤፍ ያመርታል፤ አርብቶ አደሩ ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ሣር ይከተላል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ወሎንና ሰሜን ሸዋን የመታው ድርቅ ያስተማረው አንድ ነገር አለ፤ በሬው ያለቀበት ገበሬ ዝናብ ቢመለስለትም ማረሻውን የሚጎትትለት የለውም። ስለዚህ የሣር ጉዳይ የከብት ብቻ ሳይሆን የእህልም ጉዳይ ነው።

ከድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ ምድሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ይለብሳል። ይህን ከመኪና መስኮት የተመለከተ ሠራተኛ «ግጦሹ አገግሟል» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ነገር ግን ከበቀለው ውስጥ ብዙው በጥቂት ሳምንታት አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ የሚደርቅ የአንድ ወቅት ሣር ሊሆን ይችላል። ከብቱን በበጋ የሚያቆየው ሥሩ ከዓመት ዓመት የሚኖረው ቋሚ ሣር ነው። ሁለቱን ያልለየ ሪፖርት መኖ ሊላክለት የሚገባውን ቀበሌ ከዝርዝር ውስጥ ያስወጣል።

መለየቱ የሚጀምረው ከሥር ነው። የአንድ ወቅት ሣር ሲነቀል ሥሩ ቀጫጭን ሆኖ በቀላሉ ይወጣል፤ ከግርጌው ያለፈው ዓመት ደረቅ ቅጠል ቅሪት አይገኝበትም። ቋሚው ሣር ግን ጠንካራ ጉቶና የአሮጌ ቅጠል ሰገባ አለው፤ ወይም በመሬት ውስጥ የሚሄድ ግንድ ያበጃል።

እጅግ የሚያሳስቱት ዘለላቸው እንደ እጅ ጣት የተዘረጋው ሣሮች ናቸው። ሰርዶ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳይኖዶን ዳክቲሎን፣ ቋሚ ነው። በመሬት ላይም በመሬት ውስጥም ይስባል፤ ጣቶቹ ከአንድ ነጥብ ይወጣሉ፤ በእያንዳንዷ ጥቃቅን ዘለላ ላይ ጢም የሌላት አንዲት አበባ ብቻ ትገኛለች። ዳክቲሎክቴኒየም ኤጂፕቲየም ግን ከአንጓው ሥር እያወጣ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ ከሩቅ ሰርዶ ይመስላል፤ ሆኖም የአንድ ወቅት ሣር ነው። ምልክቱ የጣቱ ጫፍ ነው፤ አበባ የሌለበት ራቁት ሹል ሆኖ ያልቃል። የዳጉሳ ዘመድ የሆነው ኤሊዩሲን ኢንዲካ ደግሞ ከግርጌው ጠፍጠፍ ያለ ግንድ አለው፤ በአንዲት ጥቃቅን ዘለላ ውስጥ ብዙ አበባ ይይዛል፤ እርሱም የአንድ ወቅት ነው። ከክሎሪስ ወገን ጢም ያላቸው ሁለቱ፣ ቋሚው ክሎሪስ ጋያና እና የአንድ ወቅቱ ክሎሪስ ቪርጋታ፣ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። በቪርጋታ አበባ ላይ ከጫፉ አጠገብ ረዘም ያለ ነጭ ጠጉር ይታያል።

በተራቆተ መሬት ላይ የሚበዛው አሪስቲዳ አድሴንሲዮኒስ በሦስት ጢሞቹ ይታወቃል። ይህ ሣር የበዛበት ሜዳ አረንጓዴ ቢሆንም አገግሟል ሊባል አይገባም።

የአገሬው ሰው ስለ ሣር ያለው ዕውቀት ጥልቅ ነው፤ ከብቱ የሚወደውንና የሚተወውን ከእረኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ አንድ ስም ለብዙ ዓይነት፣ አንድ ዓይነትም በየቋንቋው በተለያየ ስም ሊጠራ ስለሚችል፣ ስሙ ከነቋንቋው ተመዝግቦ ከናሙናው ጋር መያያዝ ይኖርበታል።

ናሙና ሲሰበሰብ ቅጠል ብቻ አይበቃም። ከነሥሩ ተነቅሎ፣ አፈሩ ተራግፎ፣ ከነዘለላው መወሰድ አለበት። ረጅም ከሆነ በጋዜጣው ልክ ይታጠፋል እንጂ ሥሩ ተቆርጦ አይጣልም። በዚያው ቀን በጋዜጣ መካከል ገብቶ በሁለት ሰሌዳ ይጫናል፤ ጋዜጣውም ናሙናው እስኪደርቅ በየቀኑ ይለወጣል። ተቁጥሮ የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ቁመቱና ከብት ይበላው እንደ ሆነ በወረቀት ይጻፋል። በመስክ ያልተለየው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ናሙና ማእከል ሊላክ ይችላል። ሲልቪያ ፊሊፕስ ያዘጋጀችው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 7ኛ ቅጽ የሣር ወገኖችን የሚመለከት ስለሆነ፣ ለማመሳከሪያ ያገለግላል።

የተከበራችሁ ተካፋዮች፤ ይህ ሥራ የሚጠይቀው አንድ ማጉያ መነጽር፣ ጥቂት አሮጌ ጋዜጣና ከመኪና ወርዶ መንበርከክ ነው። የአንድ ቀበሌ ከብት በጋውን መዝለቁ ወይም አለመዝለቁ፣ ሠራተኛው ከመጻፉ በፊት አንድ ሣር ነቅሎ ሥሩን በማየቱ ሊወሰን ይችላል።