ሰባት ሰዓት በሮማ



ለጉባኤ ወይም ለትምህርት ወደ ውጭ የምንጓዝ ሰዎች አውሮፕላን ለመቀየር በታላላቅ ከተሞች ሰዓታት እናሳልፋለን። ስለ እነዚያ ሰዓታት ሮማን ምሳሌ አድርጌ ልናገር መርጫለሁ። በጠባብ ጊዜ ከተማውን ሁሉ ለማየት መሯሯጥ ከንቱ ድካም ነው፤ አንድ ጥያቄ ይዞ የወጣ ሰው ግን ብዙ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ ስለ ፈቃዱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ለመውጣት የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የትራንዚት ቪዛ ብቻ ከበሩ አያሳልፍም። ቆይታው ሰባት ሰዓት ቢሆን፣ ለፓስፖርት ቁጥጥር አንድ ሰዓት፣ ከበረራ በፊት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ለፈጣኑ ባቡር ደርሶ መልስ በጉዞ 32 ደቂቃ ቢቀነስ፣ ለእግራችን የሚተርፈው ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

እኔ ይዤው የወጣሁት ጥያቄ «በሮማ ጎዳናዎች ላይ ኢትዮጵያ የት አለች?» የሚል ነበር። መልሱ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ይጀምራል። አደባባዩ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ ድል ያደረጓቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ባለች አነስተኛ የአትክልት ስፍራ የዶጋሊ ሐውልት ቆሟል፤ ድንጋዩ ራሱ ከግብፅ የመጣ፣ የዳግማዊ ራምሴስ ነው። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ከዚሁ ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳው ዛሬ ለገሀር ቆሟል፤ በሮማው ስፍራ ግን ይህን ታሪክ የሚነግር ሰው ካልያዛችሁ ሐውልቱ ስለ አንድ ወገን ሙታን ብቻ ይናገራል። የታሪክ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባ ዝምታ ነው።

ከቴርሚኒ በሜትሮ ቢ መስመር ሦስተኛው ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ነው። በመንገድ ላይ ኮሎሲየም ያልፋል፤ የመግቢያውን ሰልፍ ያየ ሰው ለምን እንዳልወረድሁ ይረዳልኛል። ከፌርማታው ስትወጡ የምታዩት ግዙፍ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ የታቀደው ግን ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ከተወሰደ በኋላ የተተከለው ከፊቱ ነው። በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል የተዘረፉ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ያዝዝ ነበር፤ ሐውልቱ አክሱም የደረሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። አሥራ ስምንቱ ወር ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆነ ማለት ነው።

ዛሬ በፖርታ ካፔና አደባባይ ሐውልቱ የለም፤ መኪናው ይጎርፋል፣ ቱሪስቱም ሳያቆም ያልፋል። ከጉዞዬ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የቆምሁት በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ወደ ቴርሚኒ የሚመልሰው ሜትሮ ከዚያው ፌርማታ ይነሣል፤ የባቡር ትኬቱን አስቀድማችሁ ደርሶ መልስ ቁረጡ።