«ከወንጀልነት ማውጣት» ምን ማለት ነው?



ዛሬ የማቀርብላችሁ ስለ አንድ የሕግ አነጋገር ነው፤ ይኸውም «ከወንጀልነት ማውጣት» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ከይቅርታና ከምሕረት ጋር ስለሚደባለቅ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ይቅርታ የተፈረደበትን ሰው ቅጣት በሙሉ ወይም በከፊል ያስቀርለታል፤ ጥፋተኛ መባሉ ግን አይፋቅም። ምሕረት ከዚህ ይሰፋል፤ ክሱንም ፍርዱንም ያስቀራል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የምሕረት አዋጅ የዚህ ዓይነት ነበር። ሁለቱም ግን ሕጉን አይነኩትም፤ ያንኑ ድርጊት ነገ የሚፈጽም ይቀጣል። ከወንጀልነት ማውጣት የሚመለከተው ሰውየውን ሳይሆን ድርጊቱን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በዚያ ድርጊት በወንጀል አይከሰስም።

ይህ ማለት ድርጊቱ መልካም ሆነ ማለት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል እንዳያስጠይቅ አድርጓል። ስሙ የጠፋበት ሰው ግን ካሳ ይጠይቃል፤ ስም ማጥፋት በካሳ እንደሚያስጠይቅ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ደንግጓል።

እንግዲህ ወደ አገራችን ወደ ላስታ እንሂድ። በብልባላ አንድ ገበሬ በሰው ፊት ጎረቤቱን በሐሰት «ሌባ ነው» ቢል፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 ዛሬም ተከሶ ሊታሰር ይችላል። ያንኑ ሐሰት ጋዜጣ አትሞት ብዙ ሺህ ሰው ቢያነበው፣ ነገሩ የካሳ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ «ስም ማጥፋት ከወንጀልነት ወጥቷል» ሲባል የምንሰማው እውነቱን በከፊል ነው፤ ለጋዜጣው ወጣ እንጂ ለገበሬው አልወጣም።

ለጋዜጣው የተሰጠው ምክንያት ጥሩ ነው፤ እስራት የሚፈራ ጸሐፊ የባለሥልጣንን ጥፋት አይጽፍም። ነገር ግን በስብሰባ ተነሥቶ የቀበሌውን ሹም የሚወቅስ ገበሬስ አይፈራምን? እርሱ ጋዜጣ የለውም፤ ያለው አንደበቱ ነው። የክብር ነገር በሽማግሌ፣ በካሳና በዕርቅ ማለቁም ለገጠሩ ሰው እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ወገኖቼ፤ አንድ ነገር «ከወንጀልነት ወጣ» ሲባል በሰማን ጊዜ ሦስት ጥያቄ እናንሣ፦ የትኛው ድርጊት? ለማን? በቅጣቱስ ፈንታ ምን ተተካ? ሁለተኛውን ጥያቄ የዘለለ የሕግ ተማሪ ብልባላን ዘልሏል።