በአዲስ አበባ ያለ ዕድሜው የሚሞተውን ወገናችንን ስለ መቁጠር

(በጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ፣ ለተማሪዎች ስብሰባ የተነበበ ንግግር)



በዚህ በጀርመንታውን ሰው ሲሞት ሐኪም የሞቱን ምክንያት ጽፎ ይፈርማል፤ ወረቀቱ ወደ ሜሪላንድ መዝገብ ቤት ሄዶ ለበሽታው ቁጥር ይሰጠዋል። ሥር የሰደዱት የሳንባ በሽታዎች ከጄ40 እስከ ጄ47 ባለው ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ስንት ሰው ሳያረጅ በሳንባ በሽታ እንደ ሞተ ለማወቅ የፈለገ መዝገቡን ይጠይቃል። ስለ አዲስ አበባስ ማንን እንጠይቅ?

ይህን ስንል የተሠራውን ለማንኳሰስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2001 ቆጠራውን ከመቃብር ጀመሩት። በየቤተ ክርስቲያኑና በየሙስሊሙ መካነ መቃብር ጸሐፊ የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና ቤተ ዘመድ የሚለውን የሞት ምክንያት ይጽፍ ጀመር። የተጀመረው የኤድስን እልቂት ለማወቅ ነበር። ቀጥሎም ከሟቾቹ መካከል ተመርጦ ጠያቂ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል፤ ሳሉ ስንት ዓመት ቆየ? አክታው ደም ነበረው? ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ነበር? ሐኪሞች መልሱን አንብበው ምክንያቱን ይወስናሉ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 የሞቱ አዋቂዎች በዚህ መንገድ ሲመረመሩ፣ ግማሽ ያህሉን የገደሉት ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ሆነው ተገኙ።

ያለ ዕድሜ መሞት የሚባለው የቱ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ልኩን 70 ዓመት አድርጎ፣ 30 ዓመት የሞላው ሰው እዚያ ሳይደርስ በልብና በደም ሥር በሽታ፣ በካንሰር፣ በስኳር ወይም ሥር በሰደደ የሳንባ በሽታ የመሞቱን ዕድል ያሰላል። መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን እስከ 2030 በሲሶ ሊቀንሱ ተስማምተዋል። በሌላ ስሌት በ52 ዓመቷ የሞተች ሴት 18 ዓመት ጎድሎባታል። መቀነሱ ሕፃንም አያቅተው፤ ጭንቁ 52 የሚለውን ማግኘቱ ላይ ነው። በአገራችን ዕድሜ በአምስትና በዐሥር እየተጠጋጋ ይነገራል። በ66 ዓመቷ ያረፈችው እናት «ሰባ ሆኗታል» ከተባለች ከሒሳቡ ወጣች ማለት ነው። በሽታው ሲጠናበት ትውልድ አገሩ ገብቶ የተቀበረውም በከተማው መቃብር አይገኝም። የበሽታው ስምማ ተዉት፤ ሃያ ዓመት ያፈናት ሳል «ብርድ ነው» ሲባል ኖሮ፣ በመጨረሻ አስም ወይም ሳንባ ነቀርሳ ተብሎ ይቀበራል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ሎንዶንን ጭስ የተቀላቀለበት ጉም አምስት ቀን ሸፈናት። ሞት በየሳምንቱ ይመዘገብ ስለ ነበር ከወትሮው 4,000 ያህል ሰው በላይ መሞቱ በቶሎ ተሰላ፤ በኋላ የመረመሩትም ቁጥሩን እስከ 12,000 አደረሱት። በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ። የእኛ ጭስ ግን አብዛኛው በጓዳ ነው፤ እንጨትና ከሰል የሚነድበትን ምድጃ ማንም ከመንገድ አያየውም።

እዚህ አሜሪካም ቢሆን ነገሩ የተሟላ አይምሰለን። የሞት ወረቀቱ አገር አቀፍ ናሙና ትምባሆ ለሞቱ ምክንያት ሆኖ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ስለ ምድጃ ጭስ የሚጠይቅ መስመር የለውም። ልጆቻቸው ዘንድ መጥተው የሚያርፉ እናቶቻችን ሲጋራ በአፋቸው ሳይዞር ሳንባቸው ያለቀ ሲሆን፣ ወረቀቱ «አላጨሱም» ብሎ ያልፋቸዋል።

የሞት ምዝገባ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2012 በዐዋጅ ታዞ በ2016 ሥራ ጀምሯል። ቢሆንም ውርስ ወይም ጡረታ ካላስገደደው፣ ሐዘንተኛ ለወረቀት ብሎ ቀበሌ ሲመላለስ ብዙ አይታይም። ሞትን ቀድሞ የሚያውቀው እድር ነው። ስለዚህ የሕክምናና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች የሆናችሁ፣ ለዕረፍት ስትገቡ የሰፈራችሁን የእድር ጸሐፊ አነጋግሩ። ከሟቹ ስም አጠገብ ሦስት ነገር ይጨመር፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ስንት ዓመቱ ነበር? ትንፋሽ ያጥረው የጀመረው መቼ ነው? በቤቱ ምግብ የሚበስለው በምን ነበር?