ሥርዓተ ክወናን ከውጫዊ ዲስክ ማስነሳት፦ የጋራ ማሽንና የግል የሥራ ቦታ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው። የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ የራሱ የሥራ ቦታ ሊኖረው ይችላልን? መልሴ አዎን፣ ይችላል የሚል ነው። ሊኑክስን በውጫዊ ዲስክ ላይ የጫነ ተማሪ ከቤተ ሙከራው ማሽኖች በአንዱ ፊት ተቀምጦ ፋይሎቹንና ፕሮግራሞቹን እንደተዋቸው ያገኛቸዋል። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ማሽን እንዴት እንደሚነሳ ማወቅ ይኖርበታል።

ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፈርምዌር ነው። ከ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ የተወረሰው ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ ሥራውን ለዚያ ኮድ ያስረክባል። የዛሬው ዩኢኤፍአይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በፋት32 ከተዘጋጀ ልዩ ፓርቲሽን ውስጥ አስነሺውን ፕሮግራም እንደ ፋይል ይጭናል። የትኛውን ፋይል እንደሚጭን የሚነግረው መዝገብ የሚቀመጠው በማዘርቦርዱ ላይ ነው።

እንግዲህ ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር መዝገቡ አብሮት አይሄድም። የዩኢኤፍአይ ደንብ ለዚህ መላ አበጅቷል፤ መዝገብ በሌለበት ጊዜ ፈርምዌሩ «ኢኤፍአይ» በተባለው ፎልደር፣ «ቡት» በተባለው ንዑስ ፎልደር ውስጥ ስሙ አስቀድሞ የተወሰነ ፋይል ይፈልጋል። ተንቀሳቃሽ ዲስክ አስነሺው በዚህ ስፍራ ሊኖረው ይገባል።

አንዳንድ የመጫኛ ፕሮግራሞች ግን ሥርዓቱን በውጫዊው ዲስክ ላይ ጭነው አስነሺውን በውስጠኛው ዲስክ ላይ ያኖሩታል። ጉዳቱ ድርብ ነው። ዲስኩ በሌላ ማሽን ላይ አይነሳም፤ ሲነቀል ደግሞ የቤተ ሙከራው ማሽን የሚቀጥልበትን አጥቶ ሊቆም ይችላል። ጥቁር ስክሪን የሚጠብቀው ባለ ዲስኩን ሳይሆን በማግሥቱ የሚመጣውን ሌላ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከመጫናችሁ በፊት የአስነሺውን መቀመጫ ራሳችሁ ወስኑ፤ ቢቻል መጫኑን የውስጥ ዲስኩ በተነቀለ ማሽን ላይ ፈጽሙ። ሁለተኛ፣ ፓርቲሽኖችን በየማሽኑ በሚለዋወጥ ተራ ስማቸው ሳይሆን በቋሚ መለያ ቁጥራቸው ጥሩ። ሦስተኛ፣ ዲስክ ይጠፋልና ይዘቱን በምስጢር ቁልፍ ቆልፉ፤ ቅጂም በሌላ ቦታ አኑሩ። አራተኛ፣ የማሽኑን የማስነሻ ጥበቃ ያለ ኃላፊው ፈቃድ አታጥፉ።

ሥራችሁ መልካም መሆኑ የሚለካው ዲስካችሁን ነቅላችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ነው። ማሽኑ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት እንደነበረው ሊነሳ ይገባል።